ሠላሳ ሦስት ገጽ ካሬ ደብተር
በማኅበሩ ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጆቹ «ሃያ ደቂቃ አለህ፤ ስለ ድሮ ኮምፒዩተር አጫውተን» ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ስለ ድሮ ማውራት የጀመረ ሰው መቆሚያ የለውም፣ በተለይ እኔ። ባለቤቴ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች፤ ሰዓቷን አውልቃ ጭኗ ላይ ስታደርግ ከዚህ ሆኜ አየኋት። በኋላ ግን አሰብኩና እሺ አልኩ። በዚህ ግቢ ውስጥ የሠራሁትና ለማንም ተናግሬው የማላውቅ አንድ ነገር አለ፤ እሱን መናገር የሚቻለው እዚሁ ነው። መጀመሪያ ግን ማሽኑን ላስተዋውቃችሁ።

በእኛ ጊዜ ኮምፒዩተር የተማርነው በወረቀት ላይ ነው። ፎርትራን! ፕሮግራሙን በእርሳስ ጽፈን እናስረክባለን፤ መምህሩ በቀይ አርሞ ይመልስልናል። ማሽን ቢኖር ኖሮ ምን ይል እንደነበር የሚነግረን መምህሩ ነው። አሁን ፈገግ ያላችሁት ታስታውሳላችሁ። በ1972 ዓ.ም. ስመረቅ እኔ በጣቴ አንድም የኮምፒዩተር ቁልፍ ነክቼ አላውቅም ነበር።

መስከረም 1974 ላይ፣ በፈረንጆቹ 1981 መሆኑ ነው፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ማንችስተር ገባሁ። ፕሮግራሙን በራሱ ሜሞሪ ውስጥ ይዞ የሠራው የመጀመሪያው ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1948 የተሞከረው በዚያ ከተማ ነው። እኔ ግን ኮምፒዩተርን በጣቴ የነካሁት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አይደለም። አንድ ቅዳሜ እርሳስና ወረቀት ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ፤ ጥግ ላይ ሕፃናት ተሰብስበው ይጋፋሉ። መሃላቸው አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ መጽሐፍ የምታክል ጥቁር ነገር ላይ ጣቱን ይጫናል፤ ከፊቱ ተራ ቴሌቪዥን አለ። ሁለት መስመር ጻፈ፤ አንደኛው «ይህን አትም»፣ ሁለተኛው «ተመልሰህ ሂድ» የሚል። ስክሪኑ በልጁ ስም ሞላና ቆመ። እኔ ባለ ዲግሪው ከኋላው ቆሜ በትከሻው ላይ አያለሁ። ዞር ብሎ «ትሞክራለህ?» አለኝ። ሞከርኩ። ስሜ ከላይ እስከ ታች ስክሪኑን ሞላው፤ በላቲን ፊደል፣ «ጸ» የሌለው ስም ሆኖ።

ማሽኑ ሲንክሌር ዜድኤክስ 81 ይባላል። በዚያው ዓመት ማርች ላይ የወጣ ነው። ተገጣጥሞ 69 ፓውንድ ከ95፣ ሳይገጣጠም 49 ፓውንድ ከ95። ኤሌክትሪካል መሐንዲስ አይደለሁ? ያልተገጣጠመውን ገዛሁ። ውስጡ ያሉት ቺፖች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ሜሞሪው አንድ ኪሎባይት ነው፤ ይህን ንግግር ብታስገቡበት ገና ሰላምታውን ሳልጨርስ ይሞላል። ስክሪኑን የሚሥለው ያው ሒሳቡን የሚሠራው ቺፕ ስለሆነ በፍጥነት እንዲያስብ ካዘዛችሁት ስክሪኑ ይጠፋል፤ አስቦ ሲጨርስ ይመለሳል። ዛሬም አንዳንድ ሰው እንደዚያ ነው፣ ሲያስብ ፊቱን ያጠፋል።

በአከራዬ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሌሊት በይጄ ገጣጠምኩት። ሰካሁት። ምንም የለም። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ምንም። የአንድ ወር ተኩል ቁጠባዬ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ «የቤት ኮምፒዩተር ወዳጆች፣ ማክሰኞ ማታ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ነበር፤ የሞተውን ማሽን በዳቦ ፌስታል ይዤ ሄድኩ።

የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ቴሌቪዥን ከቤቱ ተሸክሞ መጥቷል። ሃያ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ሶኬት! ከሶኬቶቹ የሚወጣው ገመድ እንደ ሐረግ ወለሉ ላይ ተጠላልፏል። ከሰዎቹ አንዱ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ አንዱ የሒሳብ መምህር፣ አንዱ ባንክ ቤት የሚሠራ። የቀሩት ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ናቸው። ጥግ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የስልክ ቴክኒሻን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ማሽኔን ተቀበሉኝ፤ ገልብጠው መብራት ላይ ያዙት። አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። አንዷ ብየዳዬ ቀዝቅዛ እግሯን አልያዘችም ኖሯል። ነካ አደረጓት፤ ሰኩት፤ ስክሪኑ ነጣ፣ ከታች በግራ በኩል አንዲት ጥቁር «ኬ» ብቅ አለች። ያችን «ኬ» ያየሁበትን ቀን ከምርቃቴ ቀን ለይቼ አላየውም።

«ስንት ልክፈል?» አልኳቸው። «ሻይ ቅዳልኝ» አሉ።

ሦስት ዓመት ማክሰኞ ማክሰኞ ሻይ ቀዳሁ። በዚያ አዳራሽ ነገር የሚደበቅበት ቦታ አልነበረም። አንዱ የሜሞሪ ማስፋፊያ ንድፍ ከሠራ በሚቀጥለው ሳምንት ሃያ ኮፒ ይዞ ይመጣል። የእኔን 16 ኪሎባይት ማስፋፊያ የሠራልኝ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ነው። ከማሽኑ ጀርባ የሚሰካ ሳጥን ነው። ጠረጴዛዬ ስለሚወዛወዝ ስኒ ባስቀመጥኩ ቁጥር ሳጥኑ ይነቃነቅና የጻፍኩት ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ ሻይ የሚጠጣው ቆሞ ነበር። መጽሔቶቹ ደግሞ ሙሉ ፕሮግራም አትመው ያወጣሉ፤ አንባቢው ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር ይገለብጣል። ሦስት ሰዓት ገልብጣችሁ አንድ ኮማ ስታችሁ እንደሆነ አይሠራም። ኮማውን የሳተው መጽሔቱ ከሆነ ደግሞ እርማቱ በሚቀጥለው ወር ነው። እኔ ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት ከዚያ ነው፤ የሰው ስሕተት እየፈለግሁ።

ነገሩን የጀመሩት እንግሊዞቹ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1975 ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አልቴር 8800ን ሽፋኑ ላይ ይዞ ወጣ፤ ሳይገጣጠም 397 ዶላር። ኪቦርድ የለው፣ ስክሪን የለው፤ ከፊቱ ማብሪያ ማጥፊያዎችና ትንንሽ መብራቶች ብቻ። በማርች ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ ውስጥ ጥቂት ሰዎች በአንድ ጋራዥ ተሰበሰቡ፤ ሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ የተባለው ይኸው ነው። ስቲቭ ዎዝኒያክ የመጀመሪያውን የአፕል ማሽን ንድፍ በዚያ ክለብ ለጠየቀው ሁሉ ያድል ነበር። ቢል ጌትስ ደግሞ በፌብሩዋሪ 1976 ለእነዚሁ ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ አብዛኞቻችሁ ሶፍትዌራችሁን የምታገኙት በስርቆት ነው፣ የሠራነው ሰዎች ምን እንብላ የሚል መልእክት ያለው። ልጅ ሳለሁ ጌትስን ስስታም ነው እል ነበር። ዛሬ ሳስበው ደብዳቤው እውነት አለው፤ ሰው ለልፋቱ ዋጋ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። የእኔ ጉዳይ ግን እንደ ጌትስም አልነበረም። የምሸጠው ነገር አልነበረኝም።

ወደ ፊደላችን ልምጣ። በዜድኤክስ 81 አማርኛ መጻፍ አይቻልም፤ የፊደሎቹ ቅርጽ በማይነካው ሜሞሪ ውስጥ ተቀርጾ የመጣ ነው። የቻልኩት በትልልቅ ካሬዎች አንዲት «ሀ» መሣል ነበር፤ እሷም ብቻዋን የስክሪኑን ሩብ ያዘች። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1982 ስፔክትረም ወጣ፤ ባለ 48 ኪሎባይቱ 175 ፓውንድ ነበር። በዓመቱ ያገለገለ አንድ ከክለቡ ልጅ ገዛሁ። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መጽሐፍ የማሽኑን ሆድ ዕቃ ዘርግቶ ያሳያል። ቁጥር 23606 ላይ የፊደላቱ ሥዕል የት እንዳለ የሚያመለክት አድራሻ አለ። አድራሻውን ወደ ራሳችሁ ሥዕል ካዞራችሁት ማሽኑ የእናንተን ፊደል ይጽፋል። ይህን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ሄጄ ካሬ ደብተር ገዛሁ። አንድ ገጽ ለአንድ ቤት፤ የሀ ቤት፣ የለ ቤት፣ የሐ ቤት፣ እያለ እስከ ፐ፣ ሠላሳ ሦስት ገጽ። ፊደሉ 8 ነጥብ በ8 ነጥብ መግባት አለበት። ለእንግሊዝኛው ይበቃዋል። የእኛን ሞክሩት እስቲ! «ጤ»ን እንውሰድ፤ ሦስት እግር፣ በየመሃሉ አንድ አንድ ክፍተት፣ ከቀኝ እግሯ ሥር ቀለበት። እግሮቹ አንደኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ ነጥብ ላይ ይቆማሉ፣ ቀለበቱ እስከ ሰባተኛው ይደርሳል፣ ስምንተኛው ከሚቀጥለው ፊደል መለያ ነው። ልክ ገባች። ወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን የቀለበቷ ቀዳዳ አንዲት ነጥብ ስለሆነች ትደፈናለች። «ቤ» «ቢ» ትመስላለች። «ቤት» ብዬ ጽፌ «ቢት» አነበብኩ፤ ኮምፒዩተር ነውና ትርጉም አላጣም፣ ግን የፈለግሁት እሱን አልነበረም። አፍርሼ እንደገና ጀመርኩ፤ ወርድ 8፣ ቁመት 16። ደብተሩን ያያችሁ እንደሆነ የላጲሱ ጠባሳ ዛሬም አለ።

ቀጥሎ፣ ማሽኑ ከ231 ፊደል አንዱን እንዴት ፈልጎ ያግኝ? በልጅነቴ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው፤ ገበታውን በእንጨት እየጠቆሙ፣ መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ታች፣ ሲላቸው ደግሞ በዘፈቀደ ይጠይቁናል። ማትሪክስ ተምሬ በጥሩ ውጤት ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ የፊደል ገበታው ራሱ ማትሪክስ መሆኑ የገባኝ ግን ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ማንችስተር ውስጥ ነው። ወደ ታች 33፣ ወደ ጎን 7። የቤቱን ቁጥር በሰባት አባዛ፣ የፊደሉን ተራ ደምር፣ ደረስክ።

ለስልክ ቴክኒሻኑ አሳየኋቸው። ገበታውን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ለምን በሰባት ታባዛለህ?» አሉኝ። ሰባት ስለሆኑ ነዋ! «ይህ ቺፕ እኮ ማባዛት አያውቅም» አሉ። እውነት ነው፤ ዜድ 80 የማባዣ ትዕዛዝ የለውም። በሁለት፣ በአራት፣ በስምንት ማባዛት ግን ቁጥሩን ወደ ግራ መግፋት ብቻ ነው። «ስምንት ወንበር አድርገው፤ አንዱ ባዶ ይቅር።» ቤቴ ሄጄ ባዶውን ወንበር ሳየው ቆየሁ። የሚቀመጥበት አለ እኮ! ሏ፣ ሟ፣ ሯ፣ ሷ፣ ቧ፤ በየገበታው ጥግ ተጥለው የኖሩት ሁሉ ቦታቸውን ያዙ። ቈ፣ ኰና ጐ ግን እያንዳንዳቸው ሙሉ ቤተሰብ ስለሆኑ ደጅ ቀሩ። 264 ወንበር፣ ለእያንዳንዱ 16 ባይት፣ በጠቅላላው 4,224። ከማሽኑ ሜሞሪ አንድ አሥረኛውን አይሞላም። አንድም አማርኛ ቃል የማያውቁ ሰው ናቸው ወንበሩን የሰጡን።

አጻጻፉን ባጭሩ ልንገራችሁ። የቤቱን ቁልፍ ተጫንና ከ1 እስከ 7 ቁጥር ስጠው። ትንሽ ከሠራሁበት በኋላ በአማርኛ ከሁሉ የሚበዛው ሳድስ መሆኑን አየሁ፤ ስለዚህ ቁጥር ካልተሰጠው ሳድሱን እንዲጽፍ አደረግሁት። ጣቴ ዐረፈ።

ሐምሌ 1976 ላይ ስፔክትረሙን በሹራብ ጠቅልዬ ተመለስኩ። ቦሌ ላይ «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «የልጅ መጫወቻ» አልኩ። ፈታሹ ቁልፎቹን ጫን ጫን አድርጎ «ላስቲክ ነው እንዴ?» አለና አሳለፈኝ። ቤቴ የነበረው ቴሌቪዥን አሮጌ ስለሆነ ማሽኑ የሚልክበትን ቻናል 36 አይይዝም። ከውጭ የመጣ ቴሌቪዥን ያለው ጓደኛዬ ቤት እየሄድኩ ነበር የምሠራው። አንድ ቀን እናቱ ቡና ሲያፈሉ ስማቸውን ጻፍኩ። ቀና ብለው አዩት። ፊደል ያውቃሉ፣ ዳዊት ይደግማሉ። «እንዴ! ስሜን ማን ነገረው?» አሉ። ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም፤ ረከቦቱን ትተው ተነሥተው ቀረብ ብለው በጣታቸው መስተዋቱን ነኩት። ከዚያ መብራት ሄደ፤ ስማቸውም አብሮ ሄደ።

እንግዲህ የመጣሁበት ነገር ይህ ነው።

በ1978 ዓ.ም. በዚህ ግቢ አስተምር ነበር። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ቢሮዬ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ከእናንተ የሚያውቁት ይኖራሉ። ስለ ፊደሉ ፕሮግራም ከሆነ ቦታ ሰምቷል። በገዛ ገንዘቡ የገዛውን አዲስ ካሴት በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። «መምህር፣ አንድ ኮፒ ቢቀዱልኝ። በማተሚያ እንዲወጣ ልሞክር አስቤ ነው» አለኝ።

ፕሮግራሙ በካሴት ለመቅዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ካሴት ማጫወቻው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ገና አላለቀም» አልኩት።

አልቆ ነበር። ዓመት አልፎታል። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን ትልቅ ነገር ይሆናል፣ ስሜ ይጠራበታል ብዬም አሰብኩ። አገራችን ውስጥ ባለሙያ ሙያውን ለልጁ እንጂ ለጎረቤት አያሳይም፤ እኔም ያደግሁበት ነው ማለት እችላለሁ። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በነጻ ሲሰጠኝ የኖረ ሰው ይህን ሰበብ ማቅረብ ያሳፍረዋል። ብየዳዬን ያቃኑልኝ፣ ሜሞሪዬን የሠሩልኝ፣ ስምንተኛውን ወንበር የሰጡኝ ሰዎች አንዳቸውም «ገና አላለቀም» አላሉኝም።

ልጁ ፊቱ ሲለወጥ አየሁና ባዶ እጁን ላለመስደድ ደብተሩን ከፈትኩ። አንድ ገጽ ቀድጄ «አሠራሩን ከዚህ ታየዋለህ» ብዬ ሰጠሁት። የጰን ገጽ ነው። ከሠላሳ ሦስቱ መርጬ በአማርኛ ከሁሉ ባነሰ የሚያስፈልገውን ሰጠሁት። አመስግኖ፣ ገጹንና ባዶ ካሴቱን ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ተመርቆ ከአገር እንደወጣ ሰማሁ።

የእኔም ነገር ብዙ አልቆየም። ሥራ በዛ፣ ትዳር መጣ፣ ማሽኑ ሣጥን ውስጥ ገባ። በ1983 አውጥቼ ካሴቱን ባጫውተው ያ የምታስታውሱት ጩኸት አለ፣ ግን ደክሟል፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው «ቴፕ ሎዲንግ ኤረር» ብቻ ነው። አምስት ጊዜ ሞከርኩ። ሌላ ኮፒ በማንም ዘንድ አልነበረም።

በእነዚያ ዓመታት ሌሎች ሰዎች፣ አገር ውስጥም ውጭም፣ አማርኛን ኮምፒዩተር ላይ አዋሉት፤ ሁሉም በየራሱ አደራደር። በአንዱ የጻፋችሁት በሌላው ሲከፈት ቅርጽ አልባ ምልክት ይሆን እንደነበር በዚያ ዘመን ደብዳቤ የጻፈ ሁሉ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ሠንጠረዡን ሳየው ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ወንበር ተሰጥቶታል፤ በለ ቤት ስምንተኛው ላይ «ሏ» ቁጭ ብላለች። ደስ አለኝ። የእኔ ፕሮግራም ቢሰራጭ ኖሮ ይህ ቀደም ብሎ ይመጣ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ያን ያህል አልታበይም። የላስቲክ ቁልፍ ያላት የልጅ መጫወቻ ላይ የተሠራ ነገር ነው። የሚቆጨኝ ልጁ ነው። ያ ልጅ ማተሚያውን ይዞ ምን ይሠራ እንደነበር አላውቅም፤ እንዳላውቅ ያደረግሁት ራሴ ነኝ።

ባለቤቴ ሰዓቷን አንሥታለች፤ ልጨርስ።

ደብተሩን ይዤው መጥቻለሁ። ከአዳራሹ በር በስተግራ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፎቶ ለማንሳት ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም፤ የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል መምህራንም ለተማሪዎቻችሁ ብትፈልጉት ውሰዱት፣ አትመልሱልኝ። ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው። የጰ ገጽ በነበረበት ቦታ አዲስ ባለ ካሬ ወረቀት አስገብቻለሁ፤ አጠገቡ እርሳስ አለ። የእኔ እጅ አሁን ይንቀጠቀጣል፤ መሣል የሚችል ሰው ካለ ቁመቱ 16 ነው፣ ወርዱ ሰባት፣ ስምንተኛውን ነጥብ ባዶ ተዉት።